አዎ ያላሉት ሽማግሌ

ጡረታ ስወጣ የተሰጠኝ የምስክር ወረቀት የሥራ መደቤን «ልዩ ልዩ» ይለዋል። ያዘጋጀችው ልጅ ትክክለኛውን ስም ከመዝገቡ አጥታው ይሆናል። አስተካክሉልኝ ብዬ አልተመለስኩም። ከቢሮ ቢሮ ዞሮ ነገ ና መባል ሰልችቶኛል።

ሥራዬ ግን ልዩ ልዩ አልነበረም፤ አንድ ብቻ ነበር። በጋሞኛና በአማርኛ መካከል የምቆም የችሎት አስተርጓሚ ነበርኩ። ከሳሽ የሚለውን ለዳኛ፣ ዳኛ የሚለውን ለተከሳሽ፣ ምስክር ምሎ የሚናገረውን ለመዝገብ። በደርግ ዘመን ከሞላ ጎደል ሙሉውን፣ ከዚያም በኋላ ዕድሜዬ እስኪሞላ፣ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ በሚባለው የላይኛው ሰፈር ፍርድ ቤት ቆሜ ስናገር ኖርኩ። መቀመጫ አይሰጠንም ነበር። እግሬ የሚያብጠው ከዚያ የተነሳ ነው ይላል ሐኪሙ።

ሰው የችሎት አስተርጓሚን ሕግ የሚከብደው ይመስለዋል። ሕግ አይከብድም፤ ሦስት አራት ወር ከሰሙት ቃላቱ ራሳቸውን ይደጋግማሉ። የሚከብደው ተረትና ምሳሌው ነው። ከደጋ የወረደ ሽማግሌ ዳኛ ፊት ሲቆም ሆዱን በቀጥታ አይናገርም፤ አያቱ ያሉትን ያስቀድማል። ዳኞቹም እንደዚያው ናቸው። ሁለቱም በሙታን አፍ ይናገራሉ፤ መሀል ላይ የቆመው ደመወዝተኛ ደግሞ ሁለቱንም የሞቱ ሰዎች ማስተዋወቅ አለበት።

ሥራውን የጀመርኩት መንግሥት በተለወጠ ማግስት ነው። የተወለድኩት ኩልፎ ወንዝ ዳር፣ ሙዝና ማንጎ ከሚያለሙ የጋሞ ገበሬዎች ቤት ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሥራ ስፈልግ፣ ፍርድ ቤት ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ይፈለጋል ተባለና ሄድኩ። አንድ ደብዳቤ አስነብበው፣ አንድ ገበሬ አስጠርተው አነጋገሩኝና ቀጠሩኝ። ደመወዙ ላላገባ ሰው ይበቃ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት የገጠመኝን አልረሳውም። ዳኛው አቶ ተሰማ ይባላሉ፤ ከሰሜን የመጡ፣ አንገታቸው ረዘም ያለ፣ ምሳሌ የሚወዱ ሰው ነበሩ። አንድ ገበሬ የጎረቤቱን ድንበር እገፋለሁ ብሎ የራሱን መሬት ጭምር ክርክር ውስጥ ከቶ መጣ። አቶ ተሰማ መነጽራቸውን አወለቁና «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ ንገረው» አሉኝ። እኔም ቃል በቃል ነገርኩት። ሴትየዋ ከቆጥ ላይ ያለውን ላውርድ ስትል ብብቷ ውስጥ የያዘችውን ጣለች አልኩት። ገበሬው ደነገጠ።

«ሴትየዋ ማን ናት?» አለኝ። «እኔ ከሴት ጋር ክርክር የለኝም።»

ይህንንም እንዳለ ለዳኛው አቀረብኩ። አቶ ተሰማ ያላገጥኩባቸው መስሏቸው ከችሎት አስወጡኝ። ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፌ ስቆም ነው ጋሽ ዳና ያገኙኝ።

ጋሽ ዳና ከእኔ በፊት ለብዙ ዓመት እዚያው ያስተረጎሙ ሰው ነበሩ። አጭር፣ ጠይም፣ የኮታቸው ኪስ ሁልጊዜ በእርሳስ የተሞላ። የሆነውን ነገርኳቸው። አልሳቁም።

«ተረት ሲመጣብህ መጀመሪያ እንዳለ አስቀምጠው» አሉኝ። «ከዚያ በማን አፍ፣ ለምን እንደተባለ ፈልግ። ከዚያ በኋላ ትርጉሙን ተናገር። ትርጉሙን ካላወቅህ አላውቀውም በል። ዳኛ ይቆጣሃል እንጂ አይበላህም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥላቸው ሆንኩ። ችሎት ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ቀድመው ይመጡና ባለጉዳዮች የሚጠብቁበት ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። የዕለቱን ተከሳሽ ወይም ምስክር አጠገባቸው ጠርተው ስለ ክሱ ምንም ሳያነሱ ያጫውቱታል። ዝናብ መጣላችሁ ወይ? ገበያችሁ በምን ቀን ነው? እንሰቱን በሽታ አልነካውም? ሰውየው ሲያወራ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ይሰማሉ። ጋሞኛ ከተራራ ተራራ ይለያያል። የጨንቻው ሰው የሚስቅበት ቃል የቦንኬውን ሊያስቀይም ይችላል። «የሰውየውን አፍ ሳትለምድ አትተርጉምለት» ይሉኝ ነበር። «እንግዳ ቤት ገብተህ ዕቃ በጨለማ እንደመፈለግ ነው። የሆነ ነገር ትሰብራለህ።»

ሌላው ልማዳቸው ደብተር ነው። ጀርባው ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ ያለበት የተማሪ ደብተር ይገዙና ችሎት የሰሙትን ምሳሌ ሁሉ ይጽፉበታል። የሚከፋፍሉት በፊደል ተራ አልነበረም፤ በተናጋሪው ነበር። የከሳሽ፣ የተከሳሽ፣ የምስክር፣ የጎረቤት፣ የእናት እያሉ። የጎረቤቱ ደብተር ሁልጊዜ ወፍራም ነው። የእናቶቹ ላይ ያነበብኩት አንዱ እስካሁን አብሮኝ አለ፤ «ልጅ በሄደበት መንገድ እናት ሳትሄድ ይደክማታል» ይላል። አንዲት ልጇ የታሰረባት ሴት ዳኛው ዕድሜዋን ሲጠይቋት የሰጠችው መልስ ነበር።

አንድ ቀን ደብተሮቹን እያገላበጥኩ፣ «ሐሰተኛ ምስክር በምን ይታወቃል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የሚጠቅሰው ምሳሌ ሁልጊዜ ስለ እግዚአብሔር ነው» አሉኝ። «እውነተኛው ስለ ላም ወይም ስለ አጥር ይናገራል።»

በንጉሡ ጊዜም አስተርጉመዋል። ልዩነቱ ምንድን ነው ስላቸው ወደ ግድግዳው አዩ። «ፎቶው ተቀየረ» አሉ። «ከፎቶው ሥር ቆሞ የሚለምነው ሰው ያው ነው። የሚዋሸውም ያው ነው። ምሳሌዎቹም አልተቀየሩም።» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። ያን ጊዜ ሁላችንም ዝቅ አድርገን ነበር የምንናገረው።

ጥቂት ጊዜ ጨንቻ ተመድቤ ሠራሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጉዳዩ ግን ያነሰ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ አብዛኛውን ነገር ፍርድ ቤት ሳይደርስ ስለሚጨርሱት። ወደ አርባ ምንጭ ስመለስ ጋሽ ዳና ጡረታ ወጥተው ኩልፎ ዳር ያለች የሙዝ ቦታቸውን ያለሙ ነበር። የሥራ ቦታቸውን ያዝኩ። አገባሁ፤ ሴት ልጅ ወለድን። በራሴም መተማመን ጀመርኩ። ጠዋት ዛፍ ሥር መቀመጡን መጀመሪያ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቀጥሎ በሳምንት ሁለት ቀን እየተውኩት ሄድኩ። ጉዳዩ በዝቷል፤ በዚያ ላይ መንግሥት ያዘዘው የፖለቲካ ውይይት ክበብ ነበር። ሰኞ ጠዋት መቅረት አይቻልም።

የአቶ አንጁሎ ጉዳይ የተሰማው ሰኞ ቀን ነው።

ጊዜው የመንደር ምሥረታ ነበር። ገበሬው ከየተራራው ጎኑ ቤቱን እያፈረሰ ተሰብስቦ እንዲሠራ ይታዘዝ ነበር። ከገረሴ ማዶ ባለ አንድ ቀበሌ ለአዲሱ መንደር የተከመረው ሣርና ማገር አንድ ከሰዓት በኋላ በእሳት ወደመ። ሰው አልተጎዳም። ማን እንዳቃጠለው እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ ቤት ሲያፈርሱ የዋሉት ሰዎች ምሳ ያበሰሉበት ፍም ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን አንድ ሰው መጠየቅ ነበረበት። አቶ አንጁሎ የአካባቢው ትልቅ ሽማግሌ ነበሩ፤ ስብሰባ ላይ ተነስተው የአባቶቻችን መቃብር ያለው እዚህ ነው፣ ቀስ ብላችሁ አስቡበት ብለው ነበር። እሳቸው ተያዙ።

ክበቡ ረዘመና ችሎት የገባሁት እየሮጥኩ ነው። የቆርቆሮው ጣራ ሙቀት ገና በጠዋቱ ያፍናል። ሽማግሌው ቀድመው ቆመዋል። ቀጭን፣ ሪዛቸው ነጭ፣ ጋቢያቸውን በአንድ ትከሻ ያጣፉ። ስማቸውን እንኳ በቅጡ ሳልሰማ ለመተርጎም ማልኩና ቦታዬን ያዝኩ። ክሱ ተነበበ። አቶ ተሰማ ጠየቁ።

«ሣርና ማገሩ እንዲቃጠል አዘዋል ወይስ አላዘዙም?»

ተረጎምኩላቸው። አቶ አንጁሎ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ቀና አሉ፤ በረጅሙና በጥሞና አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። በአማርኛ ቃል በቃል ብናስቀምጠው «እሳቱ የወጣው ከእኔ ምድጃ ነው» ማለት ነው።

አፌን ስከፍት ዐቃቤ ሕጉ አቋረጠኝ። ወጣት ነበር፤ ከእኔ ጋር ከዚያው ክበብ መምጣቱ ነው። «ጓድ አስተርጓሚ፣ ተረት አንፈልግም። በአጭሩ። አዎ ነው ወይስ አይደለም?»

እኔ ባደግሁበት በኩልፎ ዳር፣ ሰው ከእኔ ምድጃ ነው ካለ እኔ ነኝ ማለቱ ነው። ደክሞኛል፤ ላቤ ጀርባዬ ላይ ይወርዳል፤ ገና አራት መዝገብ ይጠብቀናል።

«አዎ ብሏል» አልኩ።

አቶ ተሰማ ቀና ብለው አዩኝ። «አዎ?»

«አዎ።»

ጻፉት። እሳቸው ሁልጊዜ በእጃቸው ነበር የሚጽፉት።

ከዚያ የሆነው ነገር ነው እንቅልፌን የወሰደው። አቶ አንጁሎ ወደ ዐቃቤ ሕጉ ዞሩ። በአክብሮት፣ ሁለት እጃቸውን ከፊታቸው አጣምረው፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ቆሙ። አንድ ነገር የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱን እያየ ነበር። ፖሊሱ ክንዳቸውን ይዞ ወደ ፊት እስኪያዞራቸው ድረስ ጠበቁ። አምስት ዓመት ተፈረደባቸው። ስተረጉምላቸው፣ የሰሙትን ሳይሆን እኔን ለመረዳት የሚሞክሩ ሆነው ፊቴን አዩኝ። ወሰዷቸው።

በሁለተኛው ሳምንት እሑድ ከቤተሰቤ ጋር ተሰብስበን ከጸለይንበት ቤት ስመለስ፣ ያን ጊዜ መንግሥት የወንጌላውያንን ጸሎት ቤቶች ዘግቶብን በየሰው ቤት ነበር የምንጸልየው፣ ጋሽ ዳና ጋ ጎራ አልኩ። ለሙዛቸው ውኃ እየመሩ ነበር፤ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ተጠቅልሏል። ለወሬ ያህል ነው ያነሳሁት። አንድ አዲስ አባባል ሰማሁ፣ ለደብተርዎ ይሆናል አልኳቸው። ነገርኳቸው። አካፋቸውን አቆሙ።

«ሰውየው የየት አገር ሰው ነው?»

«ከገረሴ ማዶ።»

«ከችሎት በፊት አነጋገርከው?»

«ጊዜ አልነበረም ጋሽ ዳና።»

«ይህን ካለ በኋላ ምን አደረገ?»

«ወደ ዐቃቤ ሕጉ ዞሮ ቆመ።»

ጋሽ ዳና ጭቃው ላይ፣ ቦዩ ዳር ቁጭ አሉ። ውኃው ሞልቶ እግራቸው ሥር ሲፈስ አልመለሱትም።

«ተራውን እየጠበቀለት ነበር» አሉ። «እዚያ ተራራ ላይ የተጣሉ ሰዎች ሽማግሌ ፊት ሲቀመጡ፣ በዕድሜ ትልቁ ሰው ቀድሞ እሳቱ ከእኔ ምድጃ ወጣ ይላል። ስላጠፋ አይደለም። ትልቅ ስለሆነ ነው። ከዚያ ሌላው ወገን፣ የለም፣ ከእኔ ነው ይላል። ሁለቱም እንዲህ ካሉ በኋላ ነው ነገሩ የሚመረመረው። ማን አቃጠለ የሚባለው ገና ከዚያ በኋላ ነው። ሰውየው ዕርቅ እየከፈተላችሁ ነበር።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«ማቴዎስ፣ አዎ የሚለውን ቃል ከአፉ ሰማህ?»

«አልሰማሁም።»

«ታዲያ ከየት አመጣኸው?»

ከዚያ ሌላ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ስነሳ እንደወትሮው አንድ እጅ ሙዝ ሰጡኝ።

በማግስቱ ሄጄ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ በቀለለኝ ነበር። አልተናገርኩም። የመንደር ምሥረታ ጉዳይ ነው፤ ፍርዱን ያንቀሳቀሰ ሰው ፀረ አብዮት ተብሎ የሚሄድበት ቦታ ይታወቃል። ልጄ ገና መራመድ እየጀመረች ነበር። በዚያ ላይ ለመተርጎም ምያለሁ፤ በሐሰት ተረጎመ ቢሉኝ መልስ የለኝም። ዛሬ ነገ እያልኩ አምስት ወር አለፈ። እስረኞች ውኃ የሚቀዱበትን መንገድ ትቼ በዙሪያ መሄድ ጀመርኩ። ባለቤቴ ምን ሆነሃል ስትለኝ ሙቀቱ ነው እላት ነበር። አርባ ምንጭ ላይ ይህ ጥሩ ሰበብ ነው። ጋሽ ዳና ጋም መሄድ ተውኩ። ሙዙን ግን በሰው ይልኩልኝ ነበር።

አንድ ረቡዕ መዝገብ ቤት አጠገብ ሳልፍ አንዲት ሴት መስኮቱ ላይ ቆማ በገበያ አማርኛ ከጸሐፊው ጋር ስትጨቃጨቅ ሰማሁ። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጀርባዋ ላይ የስንቅ ቋጠሮ አለ፤ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በአቧራ ነጥቷል።

«ወረቀቱ አለች፣ አንተ ታነባለህ፣ አባቴ ምን አለ?» ትለዋለች። «አባቴ አዎ አላልኩም አለ። ያቺ አስተርጓሚ የት ነው?»

ጸሐፊው በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ።

ማርታ ትባላለች፤ የአቶ አንጁሎ ልጅ ናት። በጋሞኛ ሰላም አልኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። ቋጠሮዋን አውርዳ እግሯ አጠገብ አኖረችና የተጻፈውን አንብብልኝ አለችኝ። መዝገቡን አስወጥቼ አነበብኩላት። «ተከሳሹ ሲጠየቅ አዎ ብሏል።» ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል የለበትም።

«አባቴ በዕድሜው አዎ ብቻ ብሎ አያውቅም» አለችኝ። «እራት በላህ ወይ ስንለው እንኳ አዎ አይልም። ስለ አያቱ እራት ይነግረናል።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

«ከየት ታውቃለህ?»

መዝገቡን ዘጋሁት። ቋጠሮዋን መልሳ አዘለች። «ዓይኑ እየደከመ ነው፤ ጉልበቱም አብጧል። እዚያ ውስጥ ቋንቋውን በደንብ የሚሰማ ሰው የለም ይላል» አለችኝና ወደ ወህኒ ቤቱ ሄደች። አንዴም ዞራ አላየችኝም።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ አቶ ተሰማ ቢሮ ገባሁ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የጋሽ ዳናንም፣ የአምስቱን ወርም። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አሉ ስጨርስ። ምሳሌ ሲናገሩ ሁልጊዜ የሚታይባቸው ደስታ ያን ቀን አልነበረም። በመስኮቱ ወደ ሐይቁ እያዩ፣ «የዚያን ዕለት አዎ? ብዬ ጠይቄህ ነበር» አሉኝ።

«ጠይቀውኛል።»

«ለምን እንደጠየቅሁህ እኔም አላውቅም። የሽማግሌው ቃል ረጅም ነበር፤ ያንተ አጭር። ልብ ብዬ ነበር። ከዚያ ጻፍኩት።» እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉ። «ጻፈው። ለእኔ ግን አትስጠኝ፤ የእኔ መዝገብ ተዘግቷል። ይግባኝ ሰሚው ይየው። ምን እንደሚከተልህ ታውቃለህ።»

ሁለት ገጽ ጻፍኩ። የተከተለኝንም አወቅሁት። ከሥራ ታገድኩ፤ ክበቡ ፊት ቆሜ ግለ ሂስ አደረግሁ። አስተርጓሚው የፊውዳል ልማድ ተከላካይ ሆኗል የሚል ሰው ነበር። ከዚያ የከፋ አልመጣም። ለምን እንዳልመጣ አላውቅም፤ ምናልባት አቶ ተሰማ አንድ ቦታ አንድ ቃል ተናግረው ይሆናል። ጠይቄያቸው አላውቅም። የእግዱን ወራት ከጋሽ ዳና ጋር ቦይ ስቆፍር አሳለፍኩ። ስለ ጉዳዩ አናወራም ነበር። ውኃው በየት በኩል ይሂድ፣ የትኛው ግንድ ይቆረጥ፣ ይኸው ነበር ወሬያችን።

የይግባኙ ፈቃድ ብዙ ቆይቶ መጣ። በቀጠሮው ቀን ሦስት ዳኞች ተቀመጡ። አቶ አንጁሎ ሲገቡ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎ እግራቸውን እየጎተቱ ነበር። ጋሽ ዳና ደብተራቸውን ታቅፈው መጡና የአባባሉን ትርጉም አስረዱ። የመሀል ዳኛው አልተዋጠላቸውም።

«ይህ የእርስዎ ቃል ነው» አሏቸው። «ደብተሩንም የጻፉት እርስዎ ነዎት። ማስረጃው የት አለ?»

ጋሽ ዳና ደብተራቸውን ዘጉ። «ጌቶቼ፣ ዛሬ በታችኛው ሰፈር በሲቀላ የገበያ ቀን ነው። ፖሊስ ይላክና ከገረሴ ማዶ የመጣ አንድ ትልቅ ሰው ያምጣ። ስለ ጉዳዩ ማንም ምንም አይንገረው። ይኸው ዓረፍተ ነገር ይነበብለት። ምን እንደሚመልስ እንስማ።»

ዐቃቤ ሕጉ ተቃወመ። ዳኞቹ ተነጋገሩና ፖሊስ ላኩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። ፖሊሱ ያመጣው ሰው ነጭ ሽንኩርት የሚሸጥ ሽማግሌ ነበር፤ ግማሽ ጆንያ ሽንኩርቱን ለማንም አላምንም ብሎ ተሸክሞት ገባ። ችሎቱ በሙሉ ሽንኩርት ሸተተ። ሰውየው ከፍርሃት የተነሳ ለሁሉም ሰው በየተራ እጅ ይነሳ ነበር። አቶ አንጁሎን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው እንዲቆሙ አደረጓቸው። ጋሽ ዳናና እኔ ወደ ኋላ ተወሰድን። የዕለቱ አስተርጓሚ ከወረቀት ላይ በጋሞኛ አነበበለት።

«እሳቱ የወጣው ከእኔ ምድጃ ነው።»

ሽማግሌው ጆንያውን መሬት አስቀመጠ። ባርኔጣውን አወለቀ። ማንም ሳያዘው ቀና ብሎ፣ «የለም፣ የለም። ከእኔ ነው እንጂ» አለ። ከዚያ ዙሪያውን በድንጋጤ ተመለከተና፣ «ምንድን ነው የተቃጠለው?» ብሎ ጠየቀ።

አስተርጓሚው ሁለቱንም ተረጎመ። ከዳኞቹ አንዱ አቀርቅሮ ሳቁን ዋጠ። የመሀል ዳኛው ግን አልሳቁም፤ ብዕራቸውን አስቀምጠው ግድግዳውን ወደሚያዩት ሰው ጀርባ ብዙ ተመለከቱ። አቶ አንጁሎ ጭንቅላታቸውን ወደ ድምፁ ዘንበል አድርገው ነበር። ከልጃቸው በቀር የአገራቸውን ሰው ድምፅ ከሰሙ ከሁለት ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በነጻ ተለቀቁ። ማርታ በቅሎ ይዛ መጥታ ወሰደቻቸው ሲሉ ሰማሁ። እኔ አልሄድኩም። የምቆምበትን ቦታ አላውቀውም ነበር። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ጠዋት ጠዋት ዛፉ ሥር መቀመጥ ጀመርኩ። ጋሽ ዳና በተከታዩ ክረምት አረፉ። ደብተሮቹን ልጆቻቸው ወሰዷቸው። በኋላ ብጠይቅ የት እንዳሉ የሚያውቅ አልተገኘም። ምስጥ በልቷቸው ይሆናል፤ በዚህ አገር ወረቀት አይበረክትም።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው አቶ አንጁሎን እንደገና አገኘኋቸው። ታስረው ሳለ የእንሰት ቦታቸው ለገበሬ ማኅበሩ ሌላ አባል ተሰጥቶ ስለነበር ይመለስልኝ ብለው ክስ አቅርበው መጡ። ያን ጊዜ ሁለት አስተርጓሚዎች ነበርን። አዲሱ ዳኛ የቀድሞውን ነገር ስለሰሙ ለጥንቃቄ ጓደኛዬን መደቡት። ጓደኛዬ ጎበዝ ነው፤ የደጋ ልጅ ነው፤ የአቶ አንጁሎን ተራራ ቋንቋ ከእኔ በተሻለ ያውቃል። ሽማግሌው ሲነገራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ያኛውን እፈልጋለሁ» አሉ፤ እኔን በከዘራቸው እያመለከቱ።

ዳኛው ተገረሙ። «ምክንያታቸውን ጠይቅልኝ» አሉት ጓደኛዬን።

ጠየቃቸው። አቶ አንጁሎ ያን ቀን አያታቸውን አልጠሩም።

«ይህኛው ገና አልተሳሳተም» አሉ፣ ጓደኛዬን እያዩ።

ጓደኛዬ ከመተርጎሙ በፊት አየኝ። ተረጎመው። ዳኛው ወደ ወረቀታቸው አቀርቅረው ቦታ ተለዋወጡ አሉን።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አስተረጎምኩላቸው። እያንዳንዱን ቃል ለዳኛው ካቀረብኩ በኋላ መልሼ በጋሞኛ እጠይቃቸው ነበር። እንዲህ ነው ያሉት? ነው፣ ይላሉ ጭንቅላታቸውን ዝቅ አድርገው። ሁለት ጊዜ አይደለም አሉኝ፤ ሁለት ጊዜ አስተካከልኩ። ዳኛው ጊዜ ሄደ እያሉ ሰዓታቸውን አዩ። አልቸኮልኩም። ከቦታው ግማሹ ተመለሰላቸው። የቀረው ላይ ሰው ቤት ሠርቶበት ነበር።

ስንወጣ በረንዳው ላይ ደረስኩባቸው። ለዓመታት ሆዴ ውስጥ ሳሰናዳው የኖርኩት ቃል ነበረኝ። በእሳቸው ተራራ አባባል ነበር ያሰናዳሁት፤ እንዳይሳሳት ከብዙ ሰው ጠይቄ።

«አባባ፣ ያን ጊዜ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ልጄ፣ የገረሴው መኪና ያመልጠኛል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ያን ጊዜ በቀን አንድ የጭነት መኪና ብቻ ነበር የሚወጣው፤ እሱም በበጋ። ከበረንዳው ወደ ግቢው የሚያወርደው ሦስት የድንጋይ ደረጃ ነው። አንደኛው ላይ ቆሙና ጉልበታቸውን አዩ። ከዘራውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና ቀኝ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉት። ሙሉ ክብደታቸውን ነው ያሳረፉብኝ፤ ቀጭን ሰው እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እንደዚያ ሆነን ሦስቱን ደረጃ አንድ በአንድ ወረድን። መሬት ሲደርሱ እጃቸውን አነሱና ወደ መኪናው ሄዱ።